ሁለት ጎነ ሦስት በአንድ ጠርዝ

በ1982 እ.ኤ.አ. ሳዳሲቫ ራኦ፣ ዶናልድ ዊልተንና አለን ግሊሰን የተባሉ መሐንዲሶች በአይ ትሪፕል ኢ የአንቴናና የሞገድ ስርጭት መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ አሥር ገጽ ነው። ልብ የሚሰርቀው ነገር ግን በሁለት መስመር ያልቃል፤ በሁለት ተጎራባች ጎነ ሦስቶች ላይ ብቻ የምትኖር፣ ከእነሱ ውጭ ዜሮ የሆነች አንዲት ትንሽ ፋንክሽን። ዛሬ በሦስቱ ሰዎች ስም መነሻ ፊደላት አር ደብሊው ጂ ትባላለች። አንቴና የሚነድፍ፣ አውሮፕላን ለራዳር ምን መስሎ እንደሚታይ የሚያሰላ፣ የኤሌክትሮማግኔት ሶፍትዌር የሚጽፍ ሁሉ ያውቃታል። አብዛኛው ሰው ግን ይሠራባታል እንጂ ቆም ብሎ አያያትም። መታየት ይገባታል ባይ ነኝ፤ የሚቀነስላትም የሚጨመርላትም ነገር ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም።

ለማየት ግን መጀመሪያ ለምን ሥራ እንደተሠራች ማወቅ ያስፈልጋል።

ተራ እኩልዮሽ ፈልጉ የሚለን አንድ ቁጥር ነው። ኢንተግራል እኩልዮሽ ግን ሙሉ ስርጭት ነው የሚያስፈልገን፤ ያውም የምንፈልገው ነገር ከኢንተግራሉ ምልክት ሥር ተቀብሮ። በ1 ቮልት ላይ የተቀመጠ ካሬ የብረት ሳህን እናስብ። በሳህኑ ላይ በየትኛውም ነጥብ የሚለካው ፖቴንሻል በመላው ሳህን ላይ የተበተነው ቻርጅ ተደማምሮ የሚሰጠው ነው፤ የቅርቡ በብርቱ፣ የሩቁ በጥቂቱ። ድምሩን እናውቀዋለን፤ የትም ቢለካ 1 ነው። ተደማሪዎቹን ግን አናውቃቸውም። ቻርጁ የት ምን ያህል ቢሰፍር ነው ድምሩ በየቦታው እኩል የሚወጣው?

ለዚህ ሳህን እስከ ዛሬ ንጹሕ ቀመር አልተገኘለትም። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1879 የሄንሪ ካቨንዲሽን የኤሌክትሪክ ጥናቶች አሰናድቶ ሲያሳትም ሒሳቡን በእጁ ሠራው። ሳህኑን በ36 እኩል ካሬዎች ከፋፈለና በእያንዳንዷ ካሬ መሐል ላይ ፖቴንሻሉ 1 እንዲሆን አስገደደ። 36 ያልታወቁ ቁጥሮችን በብዕር መፍታት የሚያስፈራ ይመስላል። ነገር ግን ካሬ ቢያዞሩትም ቢያገላብጡትም ያው ካሬ ነውና፣ ከ36ቱ በእርግጥ የሚለያዩት 6 ብቻ ናቸው። ጎኑ 1 ለሆነ ሳህን ያገኘው ካፓሲታንስ በዘመኑ መለኪያ 0.36 ግድም ነው። ዛሬ በኮምፒውተር ተጣርቶ የሚታወቀው 0.3668 ነው። ኤሌክትሮን እንኳ ገና ባልተገኘበት ዘመን የተሠራ ሒሳብ የሳተው 2 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የዘዴው ልብ እዚያው ላይ አለ። የማናውቀውን ስርጭት እኛ ራሳችን በመረጥናቸው ቀላል ቅርጾች ድምር እንተካዋለን፤ እያንዳንዱ ቅርጽ አንድ ያልታወቀ ቁጥር ይባዛበታል። ቅርጾቹ ቤዚስ ፋንክሽን ወይም መሠረት ፋንክሽን ይባላሉ። ከዚያ እኩልዮሹ በበቂ ቦታ እንዲሟላ ስንጠይቅ፣ ኢንተግራሉ ወደ ተራ የቁጥር ሰንጠረዥ፣ ወደ ማትሪክስ ይለወጥልናል። ቦሪስ ጋለርኪን በ1915 ለዘንግና ለዝርግ መዋቅሮች ስሌት ሲል መፈተሻውንም፣ ማለትም እኩልዮሹ መሟላቱ የሚመዘንበትን ፋንክሽን፣ ከራሳቸው ከመሠረት ፋንክሽኖቹ መውሰድን አስለመደ። ሮጀር ሃሪንግተን ደግሞ በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሁሉ ለኤሌክትሮማግኔት ሰዎች በአንድ ጥላ ሥር አሰባሰበው፤ የሞመንት ዘዴ የሚባለው ይኸው ነው።

ማክስዌል የመረጠው ቅርጽ ጠፍጣፋ ነበር፤ በአንዲት ካሬ ውስጥ ቻርጁ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፣ ድንበሯን ሲያልፍ በአንዴ ይቀየራል። ቆሞ ለሚኖር ቻርጅ ይህ ይበቃል። ከባዱ ነገር የሚመጣው ሞገድ ብረቱን ሲመታው ነው። ያን ጊዜ የምንፈልገው በብረቱ ገጽ ላይ የሚሮጠውን ከረንት ነው፤ ከረንት ደግሞ መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም አለው። በዚያ ላይ ከቻርጅ ጋር የማይፈርስ ውል አለው፤ ከረንት በጀመረበትና ባቆመበት ቦታ ሁሉ ቻርጅ ይከማቻል። የመስኖ መደቦችን ያየ ሰው ይገባዋል። ከአንዱ መደብ የሚወጣው ውኃና ወደ ጎረቤቱ የሚገባው ውኃ በጋራ ግድባቸው ላይ ካልተካከሉ፣ ትርፉ ግድቡ ሥር ይቆለላል። እዚህም ከረንቱ በሁለት ቁራጮች ድንበር ላይ ዘሎ ከተቀየረ፣ በድንበሩ መስመር ላይ ቻርጅ በክር መልክ ተጠራቅሞ ይቀራል። በእውነተኛው ብረት ላይ የሌለ፣ እኛ በስንፍና የፈጠርነው ቻርጅ ማለት ነው። እሱ የሚያመነጨው መስክ ክሩ አጠገብ ወደ ኢንፊኒቲ ስለሚወጣ ስሌቱን ያበላሸዋል።

ከ1982 በፊት ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። አንዱ መንገድ ብረቱን እንደ ወንፊት በሽቦዎች መረብ መተካት ነበር፤ የሽቦ ሒሳብ ቀድሞ የተሠራ ነውና። ለሩቅ መስክ ደህና ውጤት ይሰጣል፣ ገጹ አጠገብ ያለውን መስክ ግን አያምኑትም። ሽቦው ምን ያህል ይወፍር የሚለውም ጥያቄ እልባት አላገኘም። ሌላው መንገድ የግሊሰንና የዊልተን የራሳቸው ነው፤ በ1980 በአራት ማዕዘን ቁራጮች ላይ ከረንቱ በቀጥታ መስመር እየወጣ እየወረደ እንዲሻገር አደረጉ። ያማረ ሥራ ነው። ችግሩ አራት ማዕዘኑ ራሱ ነው፤ የአውሮፕላን አፍንጫን፣ የሉልን ገጽ፣ የተጣመመ ክንፍን በአራት ማዕዘን ለመሸፈን የሞከረ ሰው የት እንደሚቀደድበት ያውቃል። ጎነ ሦስት ግን የማይሸፍነው ቅርጽ የለም። ስለዚህ ጥያቄው ጠበበ። በጎነ ሦስት ላይ፣ ያውም ሁለቱ ጎረቤታሞች በማይመሳሰሉበትና በአንድ ዝርግ ላይ በማይተኙበት ጊዜ፣ ከረንትን ሳይቆለል እንዴት እናሻግረው?

የመጀመሪያው ብልሃት የማይታወቀውን ቁጥር ከጎነ ሦስቱ ላይ አንስቶ በጠርዙ ላይ መትከል ነው። ማንም ሰው ቢጀምር ለእያንዳንዷ ጎነ ሦስት የራሷን ከረንት፣ አንድ ወደዚህ አንድ ወደዚያ፣ ሁለት ቁጥር ይሰጣት ነበር። እነሱ ግን ቁጥሩን ለድንበሩ ሰጡት። እያንዳንዱ የጋራ ጠርዝ አንድ ቁጥር አለው፤ ትርጉሙም በዚህ ጠርዝ ላይ በቀጤ ነክ የሚሻገረው ከረንት ይህን ያህል ነው የሚል ነው። ቁጥሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ከወዲያ የሚወጣውና ወደዚህ የሚገባው የሚለያዩበት መንገድ የለም።

ፋንክሽኗ እንዲህ ናት። ጠርዙን ከሚጋሩት ሁለት ጎነ ሦስቶች አንዱን ሰጪ፣ ሌላውን ተቀባይ እንበላቸው። በሰጪው ውስጥ ከጠርዙ ትይዩ ካለው ጫፍ ላይ ቆመን ወደየነጥቡ ቀስት እንሰዳለን፤ ጫፉ ላይ ቀስቱ ዜሮ ነው፣ እየራቀ ሲሄድ በዚያው ልክ ይረዝማል። በተቀባዩ ውስጥ ደግሞ ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ራሱ ትይዩ ጫፍ ያመራሉ፣ ሲደርሱም ይጠፋሉ። ከዚያ የሁለቱንም ቀስቶች በየራሳቸው ማባዣ እንመዝናቸዋለን፤ የጠርዙ ርዝመት ለጎነ ሦስቱ ስፋት እጥፍ ሲካፈል። ሌላ ነገር የለም።

ማባዣዋ ናት የባለሙያ እጅ ያለባት። በቁጥር እንያት። የጋራው ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የሰጪው ቁመት 3 ነው እንበል፤ ስፋቱ 3 ይሆናል፣ ማባዣው 2 ለ6 ሲካፈል አንድ ሦስተኛ። ከጫፍ ተነስቶ ጠርዙ ላይ የሚደርስ ቀስት የትኛውም ነጥብ ላይ ቢያርፍ፣ ጠርዙን በቀጤ ነክ የሚሻገረው ክፍሉ የጎነ ሦስቱ ቁመት ራሱ ነው፣ 3። ሦስት በአንድ ሦስተኛ ሲባዛ 1። ተቀባዩ አጭር ይሁን፣ ቁመቱ 1.5፤ ስፋቱ 1.5፣ ማባዣው 2 ለ3 ሲካፈል ሁለት ሦስተኛ። አንድ ተኩል በሁለት ሦስተኛ ሲባዛ አሁንም 1። አንደኛው ጎነ ሦስት ረጅም፣ ሌላው አጭር ሆኖ ሳለ በድንበሩ ላይ ሁለቱም ልክ 1 ያሻግራሉ፤ በጠርዙ መሐል ብቻ አይደለም፣ ከዳር እስከ ዳር በእያንዳንዱ ነጥብ። በጠርዙ ዳርቻ ያሉት ቀስቶች ወደ ጎን ያዘነብላሉ፣ የሰጪውና የተቀባዩ ማዘንበልም አይገጥምም። ስለዚያ ግን ማንም አይጠይቅም፤ ቻርጅ የሚያስቆልለው ተሻጋሪው ክፍል ብቻ ነውና። መግጠም ያለበትን አጥብቆ ማስገጠም፣ መግጠም የሌለበትን መልቀቅ፤ እንዲህ ዓይነቱን መታቀብ በብዙ ቀመር ውስጥ አላገኘውም።

የቀሩትን ሁለት ጠርዞች ደግሞ እንመልከት። ሁለቱም ከዚያው ጫፍ የሚነሱ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ያሉት ቀስቶችም በራሳቸው በጠርዞቹ አቅጣጫ ይተኛሉ። ስለዚህ በዚያ በኩል አንዳች ነገር አይሻገርም። ፋንክሽኗ በሁለት ክፍሎቿ ውስጥ ተዘግታ ትቀመጣለች፤ ለጎረቤት የሚተርፍ ጣጣ የላትም። በዚያ ጎን ያለው ከረንት ሌላ ጠርዝ ላይ የተተከለችው እህቷ ጉዳይ ነው።

ቻርጁስ? ዳይቨርጀንሷን፣ ማለትም ከረንቱ በየነጥቡ የሚፈልቅበትን ወይም የሚሰምጥበትን መጠን፣ ስናወጣ በሰጪው ውስጥ የጠርዙ ርዝመት ለስፋቱ ሲካፈል፣ በተቀባዩ ውስጥ ያው ነገር በአሉታዊ ምልክት ነው። በምሳሌያችን ሁለት ሦስተኛ እና አሉታዊ አራት ሦስተኛ መሆናቸው ነው። በየስፋታቸው ሲባዙ 2 እና አሉታዊ 2፤ ድምራቸው ዜሮ። በአንዱ ክፍል የተነሳው ቻርጅ ሙሉ በሙሉ በሌላው ክፍል ይሰፍራል፣ ከየትም የመጣ ትርፍ የለም። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥም ቻርጁ ጠፍጣፋ ነው፤ የማክስዌል ካሬ ቅርጿን ቀይራ ተመልሳ መጣች ማለት ነው፣ ከ103 ዓመት በኋላ።

በአንድ ጎነ ሦስት ውስጥ የሦስት ጠርዞች ፋንክሽኖች ይደራረባሉ። መጠናቸው በተገቢው መንገድ ሲመረጥ በዚያች ጎነ ሦስት ውስጥ በፈለግነው አቅጣጫ የሚሄድ ወጥ ከረንት ይሰጣሉ። አቅጣጫ አይመርጡም። ቆጠራውም ቆጣቢ ነው። የኩብን ስድስት ፊቶች በሰያፍ ብንከፍላቸው 12 ጎነ ሦስቶችና 18 ጠርዞች ይወጣሉ፤ 18 ቁጥር ይበቃናል። ለየጎነ ሦስቱ ሁለት ሁለት ብንሰጥ ኖሮ 24 ቁጥር አውጥተን ቻርጁም በየድንበሩ ይቆለልብን ነበር። ለተዘረጋ ሳህንማ ቁጠባው ይብሳል። በሰያፍ ለሁለት የተከፈለ ሳህን 5 ጠርዞች አሉት፤ አራቱ ግን የሳህኑ ዳር ናቸው፣ ከረንትም ከብረቱ ወጥቶ አይሄድም። ስለዚህ ለእነሱ ፋንክሽን አይሰጣቸውም። የሚቀረው አንዱ ሰያፍ ብቻ ነው። የዳሩ ደንብ ተብሎ የተጻፈ ነገር የለም፤ በዝምታ ብቻ ተከበረ።

አሁን ወደ እኩልዮሹ እንመለስ። የኤሌክትሪክ መስክ ኢንተግራል እኩልዮሽ ሁለት ተደማሪ አለው፤ አንዱ ከከረንቱ በቀጥታ፣ ሌላው ከቻርጁ ፖቴንሻል ቁልቁለት። ቁልቁለት ማለት ዲሪቬቲቭ ነው። ዲሪቬቲቭ ደግሞ ቀድሞውንም ርቀቱ ሲያጥር ወደ ኢንፊኒቲ የሚወጣውን ነገር ይበልጥ ያሾለዋል። ሦስቱ ሰዎች እንደ ጋለርኪን መፈተሻውንም ያችኑ ፋንክሽን አደረጓት፤ ከዚያ ዲሪቬቲቩን ከፖቴንሻሉ ላይ አንስተው ወደ መፈተሻዋ አዛወሩት። እንዲህ ያለ ዝውውር አብዛኛውን ጊዜ በዳር ላይ ዕዳ ያስቀራል። እሷ ግን በውጭ ጠርዞቿ የምታሻግረው ነገር ስለሌላት ዕዳ አልመጣም። የመፈተሻዋ ዳይቨርጀንስ በየክፍሉ ቋሚ ቁጥር ነው፤ የሚቀረው በአንዱ ጎነ ሦስት ያለው አማካይ ፖቴንሻልና በሌላው ያለው አማካይ ፖቴንሻል ልዩነት በጠርዙ ርዝመት ተባዝቶ ነው። አማካዩን ደግሞ በጎነ ሦስቱ ማዕከል ላይ ባለው አንድ ዋጋ ተኩት። ስሌቱን ሲያበሳጭ የኖረው ዲሪቬቲቭ ወደ ሁለት ቁጥሮች መቀናነስ ወረደ። እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ፤ ከረንትን ለማሻገር የተቀረጸችው ቅርጽ ራሷ ይህንንም ሥራ ትሠራለች፣ ለዚህ ተብሎ አንድም ነገር ሳይጨመርላት።

ጽሑፉ ከዚህ በኋላ የፕሮግራም ጸሐፊን ጉልበት ወደሚቆጥብ ምክር ይገባል። ማትሪክሱን በጠርዝና በጠርዝ ብንሞላው ያንኑ ኢንተግራል እስከ ዘጠኝ ጊዜ ደግመን እንሠራለን፤ ሦስት ጠርዝ ካለው ጎነ ሦስት ወደ ሦስት ጠርዝ ያለው ጎነ ሦስት ነውና። ስለዚህ በጎነ ሦስትና በጎነ ሦስት እንሂድ፣ አንድ ጊዜ አስልተን ለሚገባው ሁሉ እናከፋፍል። የ1980ዎቹን ኮምፒውተር ላሰበ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ተመልካች ነጥቡ በዚያው በጎነ ሦስቱ ውስጥ ሲውል አንድን ለርቀት የሚያካፍለው ክፍል ወደ ኢንፊኒቲ ይወጣል፤ ኢንተግራሉ ግን ውስን ነው። ዊልተን፣ ራኦና ግሊሰን ከሌሎች ጋር ሆነው በ1984 ለዚህ አስቸጋሪ ክፍል በሎጋሪዝምና በአርክታንጀንት የተጻፈ ቀመር አወጡለት፤ አሁንም ይሠራበታል።

ይህችው ቅርጽ በሒሳብ ሰዎች ዘንድ ቀድማ ትታወቅ ነበር። ፈረንሳውያኑ ፒየር አርኖ ራቪያርና ዣን ማሪ ቶማስ በ1977 ለፋይናይት ኤለመንት ዘዴ ያወጧት ዝቅተኛዋ ኤለመንት በጎነ ሦስት ላይ ከእሷ ጋር አንድ ናት። መሐንዲሶቹ የመጡት ከሌላ ጥያቄ፣ ከአንቴና በኩል ነው። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ብዙም አይስበኝም፤ ሁለት የማይገናኙ ሙያዎች አንድ ቅርጽ ላይ መድረሳቸው ግን ቅርጹ በዘፈቀደ የተመረጠ እንዳልሆነ ይነግረኛል።

እንከን የላትም አልልም። ማትሪክሱ ሙሉ ነው፤ እያንዳንዱ ጠርዝ እያንዳንዱን ይሰማዋል። 10,000 ጠርዝ ካለ 100 ሚሊዮን ኮምፕሌክስ ቁጥር ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ 16 ባይት ቢወስድ 1.6 ጊጋባይት። በአንድ የሞገድ ርዝመት አሥር ያህል ቁራጭ መስጠት የተለመደ ስለሆነ፣ በ300 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 1 ሜትር ነውና አንድ አውሮፕላን የሚፈጀውን መገመት ቀላል ነው። ከዚህ ማነቆ ያወጣው ቭላዲሚር ሮክሊን ከሌስሊ ግሪንጋርድ ጋር በ1987 ለቻርጆች ያወጣውና በኋላ ለሞገድ የሰፋው ፈጣን የመልቲፖል ዘዴ ነው። ያም ቢሆን ሩቅ ያሉትን በጅምላ አሰባስቦ አሰላ እንጂ ፋንክሽኗን አልነካም።

የባሰው ችግር ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ሲል የሚመጣው ነው። ከእኩልዮሹ ሁለት ተደማሪዎች የከረንቱ ከፍሪኩዌንሲ ጋር ያንሳል፣ የቻርጁ ደግሞ በተቃራኒው ይገዝፋል። እጅግ ዝቅ ሲል ትልቁ ቁጥር ትንሹን ይውጠውና በክብ የሚዞረው፣ ቻርጅ የማያስቀምጠው ከረንት ከማትሪክሱ ውስጥ ይጠፋል። መድኃኒቱ ሌላ ፋንክሽን መፈለግ አልነበረም። በአንድ ጫፍ ዙሪያ የሚገናኙትን ጠርዞች ሁሉ ይዘን፣ የእያንዳንዱን ፋንክሽን ለጠርዙ ርዝመት አካፍለን፣ ሁሉም በአንድ ዙር እንዲሻገሩ አቅጣጫቸውን አስተካክለን ብንደምራቸው፣ በየጎነ ሦስቱ የገባው ያህል ይወጣል፤ ቻርጁ በየቦታው ዜሮ ይሆናል፣ ከረንቱም በጫፉ ዙሪያ ይዞራል። የጠፋው ዙር ቀድሞም ውስጧ ነበር። ለይቶ ማውጣት ብቻ ነው የቀረው።

ጠፍጣፋ ጎነ ሦስት ለክብ ገጽ ልኩ አይደለም፤ ይህም እውነት ነው። ሉልን በደንብ ለመምሰል ብዙ ቁራጭ ያስፈልጋል፣ ከረንቱም በጠርዙ ርዝመት ላይ እኩል ከመሻገር ሌላ አማራጭ የለውም። በ1997 ሮቤርቶ ግራሊያ፣ ዊልተን ራሱና አንድሩ ፒተርሰን በከፍተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል የሚሠሩ ቬክተር ፋንክሽኖችን ቤተሰብ አሳተሙ፤ ለታጠፈ ጎነ ሦስትም ይሆናሉ፣ በጥቂት ቁራጭ የላቀ ትክክለኛነት ይሰጣሉ። ደረጃውን ዜሮ አድርገን ጎነ ሦስቱን ጠፍጣፋ ስናደርገው የሚወጣው ያው የ1982ቱ ነው፣ የጠርዙ ርዝመት ለስፋቱ እጥፍ ሲካፈል።